ኢቲን ለልጆቹ ስታሳዪ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 3 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ አስቴር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እማዬ እንዴት ናት? ጋሼ ተስፋዬስ፣ ልጆቹስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

«ያ በልጅነታችን በካሴት ያየነውን፣ ጣቱ የሚበራው ፍጡር ያለበትን ፊልም ለልጆቹ ላሳያቸው ነው፤ የቱን ቅጂ ልያዝ? ብሩክስ ይፈራ ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው። ትንሽ ይረዝምብሻል። ነገር ግን ይህ ፊልም በጥንቃቄ ሲታይና እንደነገሩ ሲታይ አንድ አይደለም፤ ልጆቹ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳታሳዪያቸው እስከ መጨረሻው አንብቢው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የቅጂውን ነገር እንጨርስ። ፊልሙ፣ በፍጡሩ ስም የሚጠራው «ኢቲ»፣ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ስቲቨን ስፒልበርግ ሠርቶ በ1982 ያወጣው ነው። ሌላው 20ኛ ዓመቱ ሲከበር በ2002 በኮምፒውተር ተነካክቶ የወጣው ነው። በዚህኛው ላይ፣ በብስክሌት የሚሸሹትን ልጆች ከሚያሳድዱት ፖሊሶች እጅ ጠመንጃው ጠፍቶ የመገናኛ ሬዲዮ ተተክቶበታል። ኢቲ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚጠልቅበት ትርዒት ተጨምሯል። በአንዳንድ ቦታ የኢቲ ፊት በኮምፒውተር እንደገና ተሠርቷል። እናትየዋ ትልቁን ልጇን አሸባሪ መስለህ አትወጣም የምትልበት ቃል እንኳ «ሂፒ» ተብሎ ተለውጧል። ስፒልበርግ ራሱ ኋላ ላይ በዚህ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል፤ በ2012 በብሉሬይ ሲታተምም የወጣው የ1982ው ብቻ ነው። አንቺም የ1982ውን ያዢ። ጠመንጃው ለልጅ ዓይን አይሆንም የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔ አልስማማም። የሚሸሹት አደጋ የምር ካልሆነ፣ ብስክሌቶቹ ከመሬት ሲነሱ ልብ ውስጥ የሚለቀቀው እፎይታ ግማሹ ይቀራል።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ሰው የሚያየው ርዝመቱን ነው፤ የ1982ው 115 ደቂቃ፣ የ2002ቱ 120 ደቂቃ ይላል። እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ፊልም የሚሄደው በሰከንድ 24 ምስል ነው። ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ስርጭት ለሚሠሩ አገሮች የተዘጋጀ ዲቪዲ ወደ 25 ስለሚያፈጥነው ጠቅላላው 4 በመቶ ያጥራል። በዚህ ስሌት የ1982ው በፓል ዲስክ 110 ደቂቃ ይሆናል፤ የ2002ቱ ደግሞ ከ120 ወርዶ 115 ይሆናል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣ ዲስክ ላይ «115» አይተሽ ትክክለኛውን አገኘሁ ብትይ የተነካካውን ገዝተሻል ማለት ነው። ስለዚህ በደቂቃው አትተማመኚ። ፊልሙን ወደ መጨረሻው ወስደሽ፣ መንገዱን ዘግተው የቆሙት ፖሊሶች እጅ ላይ ምን እንዳለ እዪ። ያ አይዋሽም።

በሰው እጅ በምልክልሽ ፖስታ ውስጥ ዲስክና ፍላሽ ታገኛለሽ። ዲስኩ እዚህ የተገዛ ስለሆነ የአሜሪካ የክልል ቁጥር፣ 1፣ አለበት። የኢትዮጵያ ቁጥር 5 ነው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች ቁጥሩን አይጠይቁም፤ የአንቺው ከጠየቀና «የተሳሳተ ክልል» ብሎ ካቆመ ግን ማጫወቻውም ዲስኩም አልተበላሹም፤ ዝም ብለሽ ወደ ፍላሹ ሂጂ። ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል ሆን ብዬ ከ4 ጊጋባይት በታች አድርጌዋለሁ፤ አሮጌ ቴሌቪዥኖች የሚያውቁት የፍላሽ አደረጃጀት፣ ፋት 32 የሚባለው፣ ከዚያ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ምስሉ ኤች 264፣ ድምፁ ባለ ሁለት ቻናል ኤኤሲ በሚባል መንገድ የተጠቀለለ ነው። ከሌላ ቦታ ያመጣሽው ፊልም ምስሉ እየታየ ድምፅ አልባ የሚሆንብሽ፣ ድምፁ ዲቲኤስ በሚባለው መንገድ ተጠቅልሎ ቴሌቪዥኑ መፍታት ሲያቅተው ነው። ይኼኛው ያን ችግር አያመጣም።

የአማርኛውን የትርጉም ጽሑፍ ለብቻው አላስቀመጥኩትም፤ ምስሉ ላይ አትሜዋለሁ። ምክንያቱም ብዙ ቴሌቪዥን የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ጽሑፉን ለብቻው ስትሰጪው ባዶ ሳጥን ይደረድርልሻል። ናሆም በኮምፒውተር ላይ ሌላ የትርጉም ጽሑፍ ፈልጎ መጫን ከፈለገ አንድ ነገር ንገሪው። በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄድ ቅጂ የተሠራ ጽሑፍ በ24 በሚሄድ ፊልም ላይ ሲጫን መጀመሪያ ልክ ይመስላል፤ ከዚያ በየደቂቃው 2.4 ሰከንድ እየቀደመ ይሄድና መጨረሻ ላይ ከአራት ደቂቃ ተኩል በላይ ይቀድማል። ስንብቱ ሳይደርስ የስንብቱ ቃል ይነበባል። ይህን ጽሑፉን ወደፊትና ወደኋላ በመግፋት ማስተካከል አይቻልም፤ የጽሑፉ ፍጥነት ራሱ መለወጥ አለበት።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። ሪሞቱን ያዢና የምስል ሴቲንግ ውስጥ ግቢ። ሳምሰንግ ከሆነ ኦቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ከሆነ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ከሆነ ሞሽንፍሎው የሚል ታገኛለሽ፤ አጥፊው። ይህ ነገር በሁለት ምስሎች መካከል ካሜራ ያላነሳውን ምስል ከራሱ ፈጥሮ ይሰካል። ለኳስ ጨዋታ ጥሩ ነው፤ ኢቲን ግን ይገድለዋል። የኢቲ ቆዳ ጎማ ነው፣ እንቅስቃሴውም በሽቦና በእጅ የተሠራ ነው፤ በሰከንድ 24 ምስል ሲታይ ዓይናችን ጎዶሎውን እየሞላ ሕይወት ይሰጠዋል። ማሽኑ ሲሞላው ጎማነቱ ወለል ብሎ ይወጣል። ልጆቹ «አሻንጉሊት ነው» ብለው ፊታቸውን ካዞሩ፣ ጥፋቱ የፊልሙ ሳይሆን የዚያ ሴቲንግ ነው።

ከላይና ከታች ቀጭን ጥቁር መስመር ይታይሻል፤ አትንኪው፣ «ዙም» አትበይ። ድሮ በካሴት ያየነው ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን አራት ለሦስት ሆኖ የተዘጋጀ ነበር፤ ይኼኛው ሲኒማ ቤት የታየበት ሙሉ ስፋቱ ነው።

ክፍሉ ይጨልም። አለን ዳቪዮ የሚባለው የካሜራ ባለሙያ ይህን ፊልም ያነሳው በጨለማ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ጭስ እየለቀቀ፣ ብርሃኑን ከበስተኋላ እያመጣ። ኢቲን ለረጅም ጊዜ የምናየው እንደ ጥላ ብቻ ነው። በቀን፣ መጋረጃ ሳይዘጋ ከታየ መጀመሪያው ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ነው የሚሆነው። ብርሃኑን ከፍ በማድረግ አትካሺው፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና ምስጢሩ ይገለጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ላይ ብትጀምሩ ውጭም እየጨለመ ነው፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላም ትጨርሳላችሁ፤ ለብሩክ እንቅልፍም አይመሽበትም። እራት አስቀድሚ። መብራት ከሄደ ፍላሹን ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ቀጥሉ እንጂ ለነገ አታሳድሩት፣ በተለይ ኢቲ ታሞ እያለ። ብሩክ በዚያ ሐሳብ ማደር የለበትም።

ድምፁን በቴሌቪዥኑ ትንንሽ ስፒከር አትስሙት። የጋሼ ተስፋዬን የሙዚቃ ስፒከር በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ አገናኚው። ለምን እንደምለፋ ወደ መጨረሻው ስደርስ እነግርሻለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ለልጆቹ ሦስት ነገር ብቻ ንገሪያቸው፤ ከዚያ በላይ አይጨመር። የመጀመሪያው፣ እነዚህ ፍጡራን ሊወሩን የመጡ አይደሉም። ዕፅዋት ሰብሳቢዎች ናቸው፤ የጠፈር መርከባቸው ውስጥ ያለው ችግኝ ነው። አንዱ ራቅ ብሎ ሲቀር ሰዎች ይደርሳሉ፣ መርከቧም ትታው ትነሳለች። ይህን ያላወቀ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች «መቼ ነው የሚዋጉት?» እያለ ይጨርሳቸዋል። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ጭምብል አድርገው ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩበት ቀን ሃሎዊን ይባላል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። የኛ ልጆች በቡሄ ቤት ለቤት እየዞሩ ጨፍረው ሙልሙል እንደሚቀበሉ፣ እነዚህ ደግሞ ጭምብል አድርገው ከረሜላ ይቀበላሉ በያቸው። ኢቲን በአንሶላ ሸፍነው ይዘውት የሚወጡት ለዚህ ነው። ሦስተኛው፣ በዚያ ዘመን ስልክ ግድግዳ ላይ የተሰቀለና ገመድ ያለው ነገር ነበር፤ ሩቅ መደወል ቀላል አልነበረም። ከእጅ የማይለይ ስልክ ይዞ ያደገ ልጅ ኢቲ ለመደወል ለምን ያን ሁሉ ዕቃ እንደሚገጣጥም ካልተነገረው አይገባውም።

የአበባ ማሰሮዋን ነገር ግን አትንገሪያቸው። የዋናው ልጅ የኤሊየት ታናሽ እህት፣ ትንሿ ገርቲ፣ ለኢቲ የምትሰጠው የአበባ ማሰሮ አለ። «እቺን አበባ አትርሷት» በያቸው፣ ምክንያቱን ዝለይው። ሶስና መቼም ዓይኗን አትነቅልም፤ በትክክለኛው ሰዓት ከሁላችሁ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ትሆናለች።

ጽሑፉን ማንበብ የማይችለው ብሩክ ስለሆነ አንድ ሰው ይተርጉምለት፤ ናሆም ይሁን። እንደ ትርጉም ፊልሞቹ ተራኪ ሁሉን ነገር አያብራራ። ከልጆቹ ኋላ ይቀመጥ፣ ተዋናዩ ቃሉን ከጨረሰ በኋላ በዝቅተኛ ድምፅ አጠር አድርጎ ይበል። መጀመሪያው ጫካ ውስጥ ንግግር የለም፤ እዚያ ላይ ዝም ይበል። የሚሰማው የሰዎቹ እስትንፋስና አንድ ሰው ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ነው፤ ያ ቁልፍ ሲንሿሿ ነው ልጆች አደጋውን የሚያውቁት።

ኢቲ በሚናገራቸው ቃላት ላይ ናሆም ይጠንቀቅ። ፍጡሩ የሚያውቀው ጥቂት ቃል ነው፤ በአማርኛ አስተካክሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሠራለት ነገሩ ተበላሸ። ስልክና ቤት የሚሉትን ቃላት ሲያገናኝ «ኢቲ ቤት ስልክ» ይበል፣ እንደተሰባበረ። «ወደ አገሬ ልደውል» እንዳይል። ብዙ አሰብኩበት፤ «አገር» ትልቅ ሰው የሚናፍቀው ነው፣ ልጅ የሚናፍቀው «ቤት» ነው፣ ይህ ፊልም ደግሞ የልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ለገርቲ የሚላትን «ጨዋ ሁኚ» ብዬ ጽፌዋለሁ። የኤሊየትን ግንባር በጣቱ እየነካ የሚለውን ደግሞ «እዚሁ ነኝ»። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ልክ እንደጻፍኳቸው ይበላቸው፤ ሌላውን እንደመጣለት።

የልጆቹ ስድብ አለ፤ ወንድማማቾቹ ገበታ ላይ ይሰዳደባሉ፣ እዚያ ላይ «አንተ ደደብ» በቂ ነው። እማዬ ካለች ሁለት ቦታ ታፍሩ ይሆናል። ኢቲ ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ ቢራ ሲጠጣ፣ ኤሊየት ትምህርት ቤት ተቀምጦ ይሰክራል፤ ከዚያ እንቁራሪቶቹን ይለቅና ልጅቷን ይስማታል። አሳልፈሽ አትለፊው። የሁለቱ አካል መያያዙ፣ አንዱ የሚሰማው ለሌላው እንደሚሰማው፣ የሚታየው እዚህ ነው፤ ይህን ያላየ ልጅ ኋላ ኢቲ ሲታመም ኤሊየት ለምን አብሮ እንደሚታመም አይገባውም። ኤሊየት ከትምህርት ቤት ለመቅረት ቴርሞሜትሩን አምፖል ላይ የሚያሞቅበት ቦታ ግን ያሳስበኛል። ቤት ውስጥ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ካለ አስቀድመሽ ቁልፍ ያለበት ቦታ አድርጊው፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ መስታወቱ ይሰነጠቅና ሜርኩሪው ይፈስሳል።

ብሩክ ይፈራ ይሆን ላልሽው፣ አዎ፣ አንድ ቦታ ይፈራል። ልብስ እንደ ጠፈርተኛ የለበሱ ሰዎች ቤቱን ወርረው በነጭ ላስቲክ ሲሸፍኑትና ሐኪሞቹ በኢቲ ላይ ሲረባረቡ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ተዋናዮች አይደሉም፤ ስፒልበርግ እውነተኛ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችን አምጥቶ በራሳቸው አነጋገር እንዲሠሩ ነው ያደረገው፤ ጥድፊያው የምር የሚመስለው ለዚህ ነው። ናሆም እዚህ ላይ የሐኪሞቹን ቃል አይተርጉም፤ ልጅ ሊገባውም አይገባም፣ ኤሊየትም አልገባውም። ብሩክ እማዬ ጭን ላይ ይቀመጥ። ፊቱን ቢያዞር ተይው፣ «አይዞህ ይድናል» ግን አትበዪው። አበባዋን ይጠብቅ።

አሁን አንቺን ራስሽን አንድ ነገር እንድትከታተዪ ልጠይቅሽ። የካሜራውን ቁመት እዪ። ፊልሙ ከሞላ ጎደል በልጅ ቁመት ነው የተነሳው። ትልልቅ ሰዎች ከወገብ በታች ናቸው፤ ሱሪ፣ ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ የእጅ ባትሪ። ከእናትየዋ በቀር የትልቅ ሰው ፊት በደንብ የምናየው ፊልሙ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው፤ የሳይንስ መምህሩ እንኳ ፊት የለውም። ያ ባለ ቁልፉ ሰው ፊቱን ሲያሳይና ከኤሊየት ጋር በደግነት ሲነጋገር ፍርሃቱ የሚቀልለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ሶፋ ላይ አትደርድሪያቸው፤ ምንጣፍ ላይ፣ ከስክሪኑ በታች ይቀመጡ። ቀና ብለው ሲያዩት ፊልሙ በተሠራበት ቁመት ነው የሚያዩት።

መጨረሻዎቹ ሩብ ሰዓት ገደማ የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ነው። ስፒከሩን አገናኚ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የፊልም ሙዚቃ ሲቀዳ መሪው ምስሉን እያየ፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰከንድ ክፍልፋይ እየጠበቀ ነው የሚመራው። እዚህ ላይ ሙዚቃውና ምስሉ አልገጥም እያሉ ሲያስቸግሩ ስፒልበርግ ምስሉን አስጠፍቶ፣ ልክ ሕዝብ ፊት እንደሚጫወት ሰው ኦርኬስትራውን በነፃነት እንዲመራው ነገረው። ከዚያ ፊልሙን ራሱን በሙዚቃው ልክ ቆረጠው። ሙዚቃው ምስሉን አይከተልም፤ ምስሉ ነው ሙዚቃውን የሚከተለው። ልጆቹ ይህን ማወቅ አያስፈልጋቸውም፤ ደረታቸው ያውቀዋል። ናሆም እዚህ አንድም ቃል አይናገር፣ ከሦስቱ ቃላት በቀር።

ከዚያ በኋላ ነው «እንዴት ሠሩት?» የሚመጣው። ከፊልሙ በፊት ምንም እንዳትነግሪያቸው፤ ካለቀ በኋላ ግን ሁሉንም ንገሪያቸው፣ አይበላሽባቸውም። ኢቲን የሠራው ጣሊያናዊው ካርሎ ራምባልዲ ነው። ፊልሙ በጠቅላላ ወደ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ሲፈጅ፣ ለዚህ ፍጡር ብቻ ወደ 1.5 ሚሊዮን ወጥቶበታል። አራት ጭንቅላት ነበረው፤ አንዱ ዋናው፣ ሌሎቹ ለተለያየ የፊት ገጽታ። ፊቱ ሲኮማተርና አንገቱ ሲረዝም ከካሜራው ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው የሚያንቀሳቅሱት። ሲራመድ ደግሞ አለባበሱ ውስጥ ሰው አለ፤ ታማራ ደ ትሮና ፓት ቢሎን የተባሉ ቁመታቸው በጣም አጭር የሆነ ተዋናዮች፣ እንዲሁም ያለ እግር የተወለደ አንድ ታዳጊ። ታዳጊው በእጆቹ ነበር የሚራመደው፤ ኢቲ ሰክሮ ወጥ ቤት ውስጥ የሚንገዳገደው እሱ ነው። ለስላሶቹ የእጅ እንቅስቃሴዎች ደግሞ ቃል ሳትናገር በእንቅስቃሴ የምትጫወት ባለሙያ እጅ ናቸው፣ ካፕሪስ ሮት ትባላለች። ናሆም ወደዚያ ቦታ መልሶ ኢቲ ጣቱን ሲዘረጋ ይየው፤ የጣቶቹ ንዝረት የሽቦ አይደለም፣ የሰው ነው።

ድምፁን ቤን በርት ከብዙ ነገር ነው የቀመመው። ዋናው ፓት ዌልሽ የምትባል አሮጊት ድምፅ ነው፤ በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ ታጨስ ስለነበር ጉሮሮዋ ሻካራ ነበር። በዚያ ላይ ሌሎች ሰዎችና እንስሳት ተደርበዋል፤ በጉንፋን የተኛችው የበርት ሚስት እስትንፋስ ሳይቀር አለበት።

ብስክሌቱ በሙሉ ጨረቃ ላይ የሚያልፍበትን ትርዒት ልጆቹ ደጋግመው ይጠይቁሻል። ጨረቃዋ የምር ጨረቃ ናት፤ ብስክሌቱና ልጁ ግን ትንንሽ አሻንጉሊቶች ናቸው።

ገርቲን ሆና የተጫወተችው ድሩ ባሪሞር ያኔ ገና ስድስት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ኢቲን ሕይወት እንዳለው ቆጥራ ታናግረው ነበር። ስፒልበርግ ፊልሙን ከሞላ ጎደል በታሪኩ ቅደም ተከተል ነው ያነሳው፤ ይህ ወጪ የሚያበዛና ብዙ ጊዜ የማይደረግ ነው። ልጆቹ ሲሰናበቱት ግን ሳምንታት አብረውት ከርመው የምር እየተሰናበቱ ነበር። ሶስና «ለቅሶው የውሸት ነው?» ካለችሽ መልሱ ይኸው።

ከፖስታው ውስጥ ቡናማ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ከረሜላ ታገኛላችሁ። ኤሊየት ኢቲን ወደ ቤት ለማምጣት መንገድ ላይ የሚበትነው እሱ ነው፤ ውስጡ የለውዝ ቅቤ ነው። ለውዝ የማይስማማው የጎረቤት ልጅ ካለ እንዳትሰጪው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ፊልሙን ካዩ በኋላ የኢቲን መደወያ እንሥራ ማለታቸው አይቀርም። በፊልሙ ላይ ያለውን የገጣጠመው ሄንሪ ፋይንበርግ የሚባል ሰው ነው። ውስጡ በሚያብረቀርቅ ነገር የተሸፈነ ጃንጥላ፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ በሸክላው ፈንታ ክብ የመጋዝ ምላጭ፣ ሹካና ቢላዋ፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ፣ የቡና ቆርቆሮ፣ እና ስፒክ ኤንድ ስፔል የሚባል መጫወቻ አለው። ይህ መጫወቻ በ1978 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ያወጣው ሲሆን፣ ፊደል ሲጫኑት በአንዲት ቺፕ ድምፅ ፈጥሮ ይናገራል፤ ለዚያ ጊዜ ተአምር ነበር። ነፋስ ዛፉን ሲያወዛውዝ ገመዱ ይሳባል፣ ሹካው የምላጩን ጥርስ አንድ በአንድ ይገፋል፣ ምላጩ ሲዞር መልእክቱ ይደጋገማል። መጋዙን አይንኩት። ጃንጥላው ግን የምር ይሠራል፤ እሱን እንሥራ።

ሁለት ትልልቅ ጃንጥላ ያስፈልጋል፣ አፋቸው 1 ሜትር ገደማ የሆነ። ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወጥ ቤት ፎይል 4 ሜትር ያህል ቁረጡ። ጃንጥላውን ዘርግታችሁ በውስጥ በኩል፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ አንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር እየተደራረበ በፕላስተር ለጥፉ። ትንሽ ቢጨማደድ አያሳስብ፤ የምንይዘው ቀጭን ድምፅ ሞገዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የጣት ጥፍር የምታክል ጭምዳጅ አታየውም። ክፍት ቦታ ካለ ግን ድምፁ በጨርቁ በኩል ያመልጣል።

ቀጥሎ የትኩረቱን ነጥብ መፈለግ ነው፤ ይህን ናሆም ያስላ። የአፉን ስፋት በራሱ ያባዛ። ጉድጓዱ ከአፉ እስከ መሃሉ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ለክቶ በ16 ያባዛ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍል። ስፋቱ 100፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 10,000 ለ320፣ ማለትም 31 ሳንቲ ሜትር ነው። ከጃንጥላው መሃል ተነስቶ በዘንጉ ላይ 31 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ያድርግ። ጃንጥላ ፍጹም ቅርጽ ስለሌለው ነጥቡ ወዲያና ወዲህ አምስት ሳንቲ ሜትር ሊሸሽ ይችላል፤ በጆሮ ይፈለጋል።

ስልኩን በምልክቱ ላይ እሰሩት፣ ስፒከሩ ወደ ጃንጥላው ውስጥ ይዙር። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ወደ ሰሚው ያዞሩታል። ሁለተኛውን ጃንጥላ አሥር እርምጃ ርቃችሁ፣ አፍ ለአፍ ትይዩ አድርጉ። ሰሚው ጆሮውን በሁለተኛው ምልክት ላይ ያድርግ። ጃንጥላው ጥቂት ብቻ ዘወር ካለ ድምፁ ይጠፋል፤ ስለዚህ በእጅ ሳይሆን በወንበር መደገፊያ ላይ አስደግፋችሁ እሰሩት። የስልኩ ጥሪ ቀጭን ይሁን፣ የወፍ ፉጨት ዓይነት። የከበሮ ድምፅ አይሄድም፤ የወፍራም ድምፅ ሞገድ ከጃንጥላው ራሱ ይረዝማልና ጃንጥላው ሊይዘው አይችልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የተሸፈነውን ጃንጥላ ወደ ፀሐይ እንዳታዞሩ። ድምፁን የሚሰበስብበት ቦታ ላይ ሙቀቱንም ይሰበስባል፤ ስልኩንም ዓይንንም ይጎዳል። ከቤቱ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሌለበት ጥግ ሥሩ።

እሑድ በእናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ታስሮ ይቆይ። ብሩክ ሁለተኛው ጃንጥላ ውስጥ ጆሮውን ያድርግ። የምደውለው እኔ ነኝ። እሱ «ሰማሁ» እስኪል ድረስ ማንም ስልኩን እንዳያነሳ፤ ቢዘጋ ደግሜ እደውላለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሼ ተስፋዬን፣ ናሆምን፣ ሶስናንና ብሩክን በያሉበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ